የኮሌጅ ቡድን የኳስ ቅብብል በጸደይ ልምምድ እንዴት ይመዘን?

በአገራችን የወቅቶች አከፋፈል ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በድሬዳዋ ይህ ወቅት ሙቀቱ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የሚጠጋበት በመሆኑ የእግር ኳስ ልምምድ ወይ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ፣ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአመሻሽ ይካሄዳል። ለኮሌጅ ቡድኖች ግን የጸደይ ልምምድ ፋይዳ ከአካል ብቃት ያልፋል። ከቡድኑ ጋር ማን እንደሚቀጥል፣ ማን ወደ ተጠባባቂነት እንደሚወርድ፣ ማንስ ከነአካቴው እንደሚሰናበት የሚወሰነው በአብዛኛው በእነዚህ ሳምንታት ሜዳ ላይ በሚታየው ነገር ነው። በተለይ የአማካይ ቦታ ተጫዋቾች የሚመረጡት ኳስ በማቀበል ችሎታቸው ስለሆነ፣ ቅብብል በምን መስፈርት ይለካል የሚለው ጥያቄ የአንድን ወጣት የእግር ኳስ ዕጣ የሚወስን ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። አንድ ተጫዋች በልምምድ ላይ ከሞከራቸው ቅብብሎች ስንቱ እንደተሳካለት የሚያሳየው መቶኛ፣ ብቻውን ሲቆም፣ ጥሩ አቀባይን ከፈሪ አቀባይ አይለይም፤ እንዲያውም ፈሪውን ይሸልማል። በምትኩ ኮሌጆቻችን ያለ ምንም ውድ መሣሪያ፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ ሊይዙት የሚችሉት የተሻለ መዝገብ አለ። ይህን አቋም ለማስረዳት በቅድሚያ የቁጥርን አሳሳችነት፣ ቀጥሎ የልምምዱንና የሜዳውን ሁኔታ፣ በመጨረሻም የሚቻለውን አማራጭ እመለከታለሁ።

ቁጥር ሲያሳስት

በእግር ኳስ ቅብብልን መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሠራተኛ ቻርልስ ሪፕ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስና በወረቀት ጨዋታዎችን እየመዘገበ ለበርካታ ዓመታት ቆይቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. ከበርናርድ ቤንጃሚን ጋር ባሳተመው ጥናት፣ አብዛኞቹ ግቦች የሚገኙት ከሦስት ወይም ከዚያ ካነሱ ቅብብሎች በኋላ መሆኑን አሳየ። ከዚህ ተነሥተው ብዙ አሠልጣኞች «ኳሱን ቶሎ ወደ ፊት ላከው» የሚለውን ስልት በሳይንስ የተረጋገጠ አድርገው ተቀበሉት።

በቆጠራው ውስጥ ግን አንድ ነገር ተዘንግቶ ነበር። በእግር ኳስ ውስጥ ከሚከሰቱት የኳስ ይዞታዎች አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ስለዚህ ከእነርሱ ብዙ ግብ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ማይክ ሂዩዝና ኢያን ፍራንክስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችን ወስደው የግቦቹን ቁጥር ለይዞታዎቹ ብዛት ሲያካፍሉት፣ ረጃጅሞቹ ቅብብሎች በብዛት አይከሰቱም እንጂ ሲከሰቱ ግብ የማስገኘት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ለቀፊራ ሰው እንግዳ አይሆንም። በገበያው ውስጥ በቀን ከሚካሄዱት ሽያጮች አብዛኞቹ የችርቻሮ ናቸው፤ ይህ ግን ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ በችርቻሮ ይበልጣል ማለት አይደለም። ብዛትና ዋጋ ይለያያሉ።

የሪፕ ታሪክ የሚያስተምረው ቁጥር አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። የሚያስተምረው፣ አንድ ቁጥር ከመነገሩ በፊት ለምን እንደተካፈለና ምንን እንደደበቀ መጠየቅ እንዳለበት ነው። የቅብብል መቶኛም እንዲሁ ነው። «ከ50 ቅብብሎች 45ቱ ተሳኩ» ሲባል፣ አርባ አምስቱ ወዴት እንደሄዱ፣ በማን ፊት እንዳለፉ፣ ለተቀባዩ ምን እንዳስገኙ አይነገረንም።

ተጋጣሚ የሌለበት ፈተና

የጸደይ ልምምድ ተጨማሪ ችግር አለው። በልምምድ ከሚደረጉት ቅብብሎች ብዙዎቹ ጫና የለባቸውም። ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት መቀባበል፣ በምልክቶች መካከል ማሳለፍ፣ በአራት ማዕዘን እየተዘዋወሩ ማቀበል ሁሉም ለእግር ልምድ ይጠቅማሉ፤ ለምርጫ ግን ደካማ ማስረጃ ናቸው። በጥናት መስክ ታዋቂ የሆነው የሎፍቦሮ የቅብብል ፈተና እንኳ ተጫዋቹ 16 ቅብብሎችን ወደተለያዩ ዒላማዎች በተቻለው ፍጥነት እንዲፈጽም ያደርግና ለስህተቱ ቅጣት ሰዓት ይጨምርበታል፤ ነገር ግን ኳሱን ሊነጥቅ የሚሮጥ ተጋጣሚ የለበትም። የእግርን ክህሎት ይለካል፤ ውሳኔን ግን በከፊል ብቻ ይነካል።

በጨዋታ ውስጥ ደግሞ ቅብብል የሚጀምረው ኳሱ እግር ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌየር ዮርዴትና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አማካዮች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት አዘውትረው አንገታቸውን እያዞሩ አካባቢያቸውን የሚቃኙ ተጫዋቾች ወደ ፊት የሚያቀብሏቸው ኳሶች ይበልጥ የተሳኩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በምልክቶች መካከል ብቻ የሚለማመድ ተጫዋች ለመቃኘት ምክንያት የለውም፤ ምልክቱ ከቦታው አይንቀሳቀስምና። ስለሆነም የቅብብል ምዘና መደረግ ያለበት ቢያንስ በትንሽ ሜዳ፣ አራት ለአራት ወይም ስድስት ለስድስት ሆኖ፣ ኳስ ሊነጥቅ የሚፈልግ ተጋጣሚ ባለበት ጨዋታ ነው።

የአሸዋው ልጅ በሣሩ ላይ

ቀፊራ ለዚህ ክርክር መነሻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንደኛው ወገን በምድር ባቡሩ ዘመን ተቀይሶ የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያውን ይዞ ያደገው የመጋላና የቀፊራ ሰፈር ይገኛል። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃ የማይወርድበት የደቻቱ አሸዋ ለአካባቢው ልጆች የኳስ ሜዳ ሆኖ ኖሯል። የሜዳው እውነተኛ ባለቤት ወንዙ መሆኑን የ1998 ዓ.ም. የክረምት ጎርፍ ብዙ ሕይወት ቀጥፎ ቢያስታውስም፣ ሌላ ሰፊ ቦታ ያላገኘ ልጅ ወደዚያው ይመለሳል።

አሸዋ ልዩ ዓይነት አቀባይ ያሳድጋል። በአሸዋ ላይ በመሬት የተላከ ኳስ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ልጁ ወይ አጠንክሮ መምታት፣ ወይ ከሥር አንሥቶ ማሻገር፣ አለበለዚያ ጓደኛው አጠገብ እስኪደርስ ኳሱን ይዞ መሄድ ይለምዳል። ይህ ተጫዋች ኮሌጅ ገብቶ በሣር ወይም በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ሲሰለፍ የለመደው ኃይል ኳሱን ከተቀባዩ አሳልፎ ይወስድበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅብብል መቶኛው ዝቅተኛ ቢሆን ሊያስደንቅ አይገባም። ቁጥሩ ግን የሚለካው እግሩ ከአዲሱ ሜዳ ጋር አለመላመዱን እንጂ ክፍተትን የማየት ችሎታውን አይደለም። እግር በአራት ሳምንት ይላመዳል፤ ክፍተት ማየት ግን በአራት ሳምንት አይገኝም።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ መደምደሚያ አለ። ተጫዋቹ መመዘን ያለበት በመጀመሪያው ሳምንት ባስመዘገበው ደረጃ ብቻ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳምንት ባሳየው ለውጥ ነው። በመዝገቡም ላይ የሜዳው ዓይነት፣ ሜዳው በበልግ ዝናብ ርሶ ወይም ደርቆ እንደነበረ፣ ልምምዱ የተካሄደበት ሰዓትና ቅብብሉ የተፈጸመው ተጫዋቹ ትኩስ ሳለ ይሁን ከደከመ በኋላ መጻፍ አለበት። ድካም ሲበረታ የማቀበል ትክክለኛነት እንደሚቀንስ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ድካሙ ቀድሞ ይመጣል። በማለዳ የተመዘነን ተጫዋች በ10 ሰዓት ፀሐይ ከተመዘነው ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለት አማካዮች

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በምሳሌ እንየው። ሁለት አማካዮች በልምምድ ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው 50 ቅብብል ሞከሩ እንበል። አንደኛው 45ቱ ተሳኩለት፤ 90 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው 36ቱ ተሳኩለት፤ 72 በመቶ ነው። በመቶኛው ብቻ የሚፈርድ ሰው ጥያቄው የተዘጋ ይመስለዋል።

አሁን ሌላ ዓምድ እንጨምር። የተሳካው እያንዳንዱ ቅብብል ስንት ተጋጣሚዎችን ከኋላ አስቀረ? የመጀመሪያው ተጫዋች ኳሶች አብዛኞቹ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በመሆናቸው፣ በ45 የተሳኩ ቅብብሎች ያለፋቸው ተጋጣሚዎች ድምር 9 ነው። የሁለተኛው በ36 ቅብብሎች 41 ነው። ሦስተኛ ዓምድም እንጨምር፦ የጠፉት ኳሶች የት ጠፉ? የመጀመሪያው ካጠፋቸው 5 ኳሶች 3ቱ የጠፉት በራሱ ግብ አቅራቢያ ነው። ሁለተኛው ካጠፋቸው 14 ኳሶች 10ሩ የጠፉት በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ሲሆን በራሱ ግብ አቅራቢያ የጠፋው 1 ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተሰጡ ምሳሌዎች ናቸው፤ አሠልጣኝ የሆነ ሁሉ ግን ሁለቱን ሰዎች ያውቃቸዋል። በ90 በመቶው የተመረጠው ተጫዋች ቡድኑን ባለበት ያቆየዋል፤ በ72 በመቶው የተሰናበተው ወደ ግብ ያስጠጋው ነበር።

ያለፉ ተጋጣሚዎችን የመቁጠር ዘዴ በጀርመን ሽቴፋን ራይናርትስና የንስ ሄገለር የተባሉ ሁለት የቡንደስሊጋ ተጫዋቾች ያስፋፉት ነው። ዘዴው ትኩረት የሳበው በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ ብራዚል ኳስ በመያዝም ሆነ ወደ ግብ በመሞከር ሳትበለጥ፣ ተከላካዮችን በማለፍ ግን መበለጧን ስላሳየ ነው። ለቆጠራው የሚያስፈልገው ዓይንና እርሳስ ብቻ በመሆኑ ለእኛ ኮሌጆች የሚስማማ ነው።

ጥቂት ቅብብል ብዙ አይናገርም

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ይቀራል። በልምምድ ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ተጫዋች የሚመዘገበው ቅብብል ብዙ አይደለም። አንዱ ከ50 ቅብብል 42ቱ ቢሳኩለት 84 በመቶ፣ ሌላው 38ቱ ቢሳኩለት 76 በመቶ ይሆናል። በስታቲስቲክስ የተለመደውን የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ስናሰላ ግን የመጀመሪያው በግምት ከ74 እስከ 94፣ ሁለተኛው ከ64 እስከ 88 ይዘረጋል። ሁለቱ ክልሎች በሰፊው ይደራረባሉ። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ «ይህ ከዚያ ይሻላል» ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር የሚችል ነው።

ስለዚህ መዝገቡ ብዙ ልምምዶችን እስኪያካትት ድረስ ለማሰናበት ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ተጫዋቹን ለተጨማሪ ሳምንታት ማየት ነው።

ምን ይመዝገብ?

የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በልምምድ ጨዋታ ወቅት አንድ ታዛቢ አንድን ተጫዋች ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይከታተል። ለእያንዳንዱ ቅብብል አራት ነገሮችን ያስፍር። አንደኛ፣ አቀባዩ ኳሱን ሲለቅ ተጋጣሚ በሁለት እርምጃ ርቀት ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ኳሱ ስንት ተጋጣሚዎችን አለፈ። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ ኳሱን ካገኘ በኋላ ዞሮ መጫወት፣ ማቀበል ወይም መምታት ቻለ፣ ወይስ ኳሱ ከኋላው ወይም ከጉልበቱ በላይ ደርሶበት ለመቆጣጠር ሲታገል ተነጠቀ። አራተኛ፣ ኳሱ ከጠፋ ከሜዳው ሦስት ክፍሎች በየትኛው ጠፋ።

ሦስተኛው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። በተለመደው ቆጠራ ኳሱ የቡድን ጓደኛ እግር ላይ ከደረሰ ቅብብሉ «ተሳክቷል»፤ ተቀባዩ ወዲያውኑ ቢነጠቅ ጥፋቱ የተቀባዩ ሆኖ ይጻፋል። በእውነቱ ግን ተጋጣሚ ጀርባው ላይ ለተለጠፈበት ጓደኛ የተሰጠ ኳስ የአቀባዩ ዕዳ ማስተላለፊያ ነው። ይህን መመዝገብ በቡድኑ ውስጥ በማይገባቸው ነቀፋ የሚሸማቀቁትን ተቀባዮች፣ በተለይም አጥቂዎችን፣ ከሐሰት ፍርድ ያድናል።

ታዛቢዎቹ ከየት ይመጣሉ? ከተቀመጡት ተጫዋቾች። ተራው ያልደረሰ ወይም በጉዳት ያረፈ ተጫዋች ወረቀት ይዞ ቢቀመጥ መዝገቡ ይሞላል፤ እርሱም ጨዋታን ማንበብ ይማራል። አንዱን ተጫዋች ሁለት ታዛቢዎች ሳይመካከሩ ቢመዘግቡት ደግሞ ስምምነታቸውን ማስላት ይቻላል፤ ጄከብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የካፓ ስሌት ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ስምምነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ያለው በተጫዋቹ ላይ ሳይሆን በመመዘኛው ትርጉም ላይ ነውና ትርጉሙ ይስተካከል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የልምድ ነው። «ሃያ ዓመት ያሠለጠነ ሰው ዓይኑ ይበቃዋል» ይባላል። ልምድ የማይናቅ ዕውቀት ነው። ሆኖም ኢያን ፍራንክስና ጋሪ ሚለር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሠልጣኞች ካዩት ጨዋታ ውስጥ በትክክል ያስታወሱት ከዋና ዋና ክስተቶች ከግማሽ በታች ነበር። ዓይን ያያል፤ ማስታወስ ግን ሌላ ሥራ ነው። መዝገቡ የአሠልጣኙን ዓይን አይተካም፤ ዓይኑ ያየውን ያቆይለታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ተጋጣሚን ማለፍ የሚያስመዘግብ ከሆነ፣ ተጫዋቾች ነጥብ ለማግኘት ሲሉ ኳስ በግዴለሽነት ወደ ፊት አይወረውሩም ወይ? ይወረውሩ ይሆናል፤ ለዚህም ነው አራተኛው ዓምድ የተጨመረው። በራስ ግብ አቅራቢያ የጠፋ ኳስ ከሌላው በከበደ ሁኔታ ይቆጠር። ወደ ኋላ የሚሰጥ ኳስም ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም፤ ተጋጣሚን ስቦ ክፍተት ሊከፍት ይችላል። ስለሆነም አንዱ ዓምድ ብቻ ተነጥሎ እንዳይነበብ ያስፈልጋል። የመቶኛው ስህተት ብቻውን መቆሙ ነበር፤ በእርሱ ቦታ ሌላ ብቸኛ ቁጥር መትከል መፍትሔ አይሆንም።

ከኮሌጁ ሜዳ ባሻገር

ጉዳዩ ከኮሌጅ ልምምድ ይሰፋል። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችን በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን፣ በዚያው አሠልጣኝ በውበቱ አባተ መሪነት፣ ግብፅን በሊሎንግዌ 2 ለ 0 አሸነፈ። አጭር ቅብብል ለኢትዮጵያ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ክርክራችን በእንዲህ ዓይነት ውጤቶች ላይ እየተንጠለጠለ ይኖራል፤ ሲሸነፍ ቅብብሉ ይወቀሳል፣ ሲያሸንፍ ይሞገሳል። ከክርክሩ ውስጥ የጠፋው ቅብብሉ ራሱ የሚገኝበት መዝገብ ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የነበሩበትን ምድብ ያስተናገደችው ይህች ከተማ ናት፤ የዚያ ዋንጫ አሸናፊ ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ከዚሁ ነበር። በከተማዋ ኳስን የሚያይ ዓይን ሞልቷል። የጎደለው የሚታየው ነገር ተጽፎ ከዓመት ወደ ዓመት የሚተላለፍበት ልማድ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጸደይ የኮሌጅ ቡድኖች፣ ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችም፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማንኛውም ተጫዋች በኳስ አቀባበል ችግር ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንታት በተጋጣሚ ፊት የተያዘ ባለ አራት ዓምድ መዝገብ ይኑረው፤ መዝገቡንም ተጫዋቹ ራሱ ይየው። ከደቻቱ አሸዋ የመጣው ልጅ በመጨረሻ ላይመረጥ ይችላል። በምን እንደተመዘነ ግን የማወቅ መብት አለው።